ድምሩን ማን ይመዝነው?

በጎጃም፣ በሞጣ ዙሪያ ባለ የገበሬ ቤት በዓመት ስንት ዓይነት ኬሚካል ይገባል? እስቲ ከሰኔ ጀምረን እንቁጠር። ማሳው ከመታረሱ በፊት ሣሩን ለማድረቅ ራውንድአፕ ይረጫል። ጤፉ በቅሎ አረሙ ሲከተለው ቱፎርዲ ይመጣል፤ ስንዴው ላይ ፓላስ። መስከረም ገብቶ ዋግ ከታየ ቲልት ወይም ሬክስ ዱኦ ይፈለጋል። ጓያውና ሽምብራው ላይ ክሽክሽ ወይም ትል ከወጣ ካራቴ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ነቀዙን የሚከላከል የማላታይን ወይም የአክቴሊክ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ያም ካልበቃ ፎስፊን የተባለውን ጋዝ የሚያወጣው ክኒን ይገዛል። ከቤተሰቡ አንዱ ለሥራ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚተኛበት አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ነው፤ የሚያድርበት ጎጆ ለወባ ተረጭቶ ከሆነ ግድግዳውም የራሱ መድኃኒት አለው። ሁሉም ቤት ሁሉንም አይጠቀምም። ከሞጣ በደብረ ወርቅ አድርጎ እስከ ቢቸና ባለው መንገድ የግብርና ግብዓት መሸጫ ሱቆችን የጎበኘ ሰው ግን ዝርዝሩን አያጣውም።

እያንዳንዱ ለብቻው ሲጠየቅ ወረቀት አለው፤ በኮንትሮባንድ የገባውን ሳንቆጥር ማለቴ ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል። የሚመዘገበውም ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው ተባይ እንደሚሆን፣ በሄክታር ምን ያህል እንደሚረጭ ተለይቶ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተቀባው ቀለም፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው፣ መርዙ ምን ያህል እንደሚከፋ ይናገራል። ይህን ሥርዓት ለመገንባት ብዙ ሰው ደክሟል፣ ሊናቅም አይገባውም። የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው ወረቀቱ ካለቀበት ቦታ ነው። ጠርሙሱ ስለ ራሱ ይናገራል፤ መደርደሪያው ላይ አጠገቡ ስለቆመው ጠርሙስ፣ ቤት ውስጥ ቀድሞ ስለገባው ዱቄት፣ ባለፈው ሳምንት ከመርጫው ገበሬው ጀርባ ላይ ስለፈሰሰው ውኃ ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

አህያ የሚጭን ሰው እያንዳንዱን ቁና ለብቻው እየመዘነ «ይሄ አይከብዳትም» እያለ ቢደራርብባት፣ አህያይቱ ስትወድቅ ጥፋቱ የየትኛው ቁና ነው ይባላል? አንዱም ብቻውን አልጣላትም፤ ሁሉም ግን ጥለዋታል። የቁጥጥር ሕጎቻችን፣ የእኛ ብቻ ሳይሆኑ የዓለምም፣ በአብዛኛው የተሠሩት በዚህ ዓይነት ሚዛን ነው። ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚወጣው ልክ ሰውየው ሌላ ምንም እንዳልነካው ተደርጎ ይሰላል። ገላው ባዶ ሆኖ ቀርቦ አንዱን መርዝ ብቻ እንደሚቀበል ይታሰባል። እንዲህ ያለ ሰው ግን በሞጣም የለም፣ በቶኪዮም የለም።

«ልኩ ሲወጣ እኮ ሰፊ መጠባበቂያ ይያዝለታል» የሚል መልስ አለ። እውነት ነው። በተለመደው አሠራር እንስሳ ላይ ጉዳት ያላሳየው መጠን ለመቶ ይካፈልና ለሰው የተፈቀደው ልክ ይሆናል። መቶው ከየት መጣ ብንል ግን አንዱ አሥር በእንስሳና በሰው መካከል ላለው ልዩነት ነው፤ ሌላው አሥር በሰውና በሰው መካከል፣ በጎልማሳውና በሕፃኑ፣ በጤነኛውና በታማሚው መካከል ላለው ልዩነት ነው። አሥር ጊዜ አሥር መቶ። ስለ ሌሎቹ ኬሚካሎች ተብሎ የተቀመጠ ሽራፊ እንኳ የለም። መጠባበቂያው ባለቤት ያለው ነው፤ ለሌላ ዕዳ መክፈያ አድርገን ልንቆጥረው አይገባም።

ነገሩን ቀረብ ብለን በአንድ ምሳሌ እንየው። ማላታይንና አክቴሊክ፣ ማለትም ፒሪሚፎስ ሜቲል፣ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። ለወባ ርጭት ዲዲቲ ከቀረ በኋላ በአገራችን ግድግዳ ላይ በየተራ ከዋሉት መካከል ቤንዲዮካርብና ፕሮፖክሰር ካርባሜት የሚባሉት ወገን ናቸው፤ በኋላም ያው ፒሪሚፎስ ሜቲል መጥቷል። ስማቸውና ጠርሙሳቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያደርስበት ንጥረ ነገር ሥራውን ሲጨርስ የሚያፈርሰው አሴቲልኮሊንኢስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያስሩት። ኢንዛይሙ ሲታሰር መልእክቱ አያቆምም። ሰውየውን ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ዐይኑ ይደበዝዛል፣ ያስመልሰዋል፣ ሥጋው ይርገበገባል፤ ከባሰም ትንፋሹ ይቆማል። ኢንዛይሙ፣ ያሰረው መርዝ ከጎተራ የመጣ ይሁን ከግድግዳ አይለይም። ግብርና ሚኒስቴር የፈቀደውን ከጤና ሚኒስቴር ካስረጨው ለይቶ የሚይዝበት ሁለት መዝገብ የለውም። ደም ውስጥ መዝገቡ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ፈተና ይገጥመናል፤ ሁለቱም የጥንቃቄን ወይም የብልህነትን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ።

አንደኛው «ሁሉም ድብልቅ ተፈትኖ ካልታወቀ ምንም አይፈቀድ» የሚለው ነው። ሲሰሙት ደግ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። አሥር ኬሚካሎች ቢኖሩ ከሁለት ጀምሮ እስከ አሥር በማጣመር የሚገኙት ድብልቆች 1,013 ናቸው። ሃያ ቢሆኑ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋሉ። ይህም መጠናቸው ሲለዋወጥ፣ ቀዳሚና ተከታያቸው ሲቀያየር፣ ተቀባዩ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሲሆን የሚመጣውን ሳይጨምር ነው። ይህን ያህል ሙከራ የሚሠራ ላቦራቶሪ በምድር ላይ የለም፣ አይኖርምም። ሞክረው ያዩትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ውስጥ ማላታይንና ኢፒኤን የተባለ ሌላ ኦርጋኖፎስፌት አብረው ለእንስሳት ሲሰጡ መርዛቸው ከድምራቸው በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ድንጋጤው ትልቅ ነበር። አዲስ ኦርጋኖፎስፌት የሚያቀርብ ኩባንያ ከነባሮቹ ጋር ጥንድ ጥንድ እያደረገ እንዲፈትን ተጠየቀ። ፈተናው ሲካሄድ አብዛኞቹ ጥንዶች ከተራ መደመር ያለፈ ነገር አላሳዩም፤ ግዴታውም ውሎ አድሮ ቀረ። ሁሉን ካላወቅሁ አልንቀሳቀስም የሚል ጥንቃቄ መጨረሻው ድካም ነው፤ ሲደክምም የሚጥለው የማያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውንም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ፈተና «ጉዳት መኖሩ አልተረጋገጠም» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የሳይንስን አንደበት ይዋሳል። ያልተጠናውን ነገር እንደተጠናና ንጹሕ ሆኖ እንደተገኘ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ለወባ መከላከያ ማላታይን የሚረጩ 7,500 ያህል ሠራተኞች ነበሩ። ማላታይን ለሰው ቀለል ያለ ነው ተብሎ የታመነ ነበር፤ ምክንያቱም ጉበታችን ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ቶሎ ያፈርሰዋል። በዚያ ዓመት ግን 2,800 ያህሉ ታመሙ፣ 5 ሞቱ። ሲመረመር ዱቄቱ በአሠራሩና በአከመቻቸቱ ሳቢያ አይሶማላታይን የተባለ ባዕድ ነገር አበጅቶ ተገኘ፤ ያ ባዕድ ነገር ደግሞ ማላታይንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የሚያስር ነው። ጠላትም፣ የጠላትን መንገድ የሚጠርግም በአንድ ከረጢት ውስጥ ነበሩ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ግን አንድ ብቻ ነው። ያ ሞት «ድብልቅ ስለሚባለው ነገር ሌላ ቀን እናስባለን» ለሚል ሁሉ መልስ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጀግንነት የሌለበት የሂሳብ መንገድ ነው፤ እኔ የማምነውም በእሱ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩትን አንድ ላይ እንቁጠራቸው። ተቃራኒ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ይደመራሉ ብለን እንነሣ። ሦስት ኦርጋኖፎስፌቶች እያንዳንዳቸው የተፈቀደላቸውን ልክ ግማሽ ብቻ ይዘው አንድ ሰው ገላ ውስጥ ቢገቡ፣ ዛሬ ሦስቱም ያልፋሉ። ግማሽ፣ ግማሽና ግማሽ ሲደመር ግን አንድ ተኩል ነው፤ ልኩ አልፏል። ይህን ለማወቅ አዲስ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የእያንዳንዱ ልክ አስቀድሞ በእጃችን አለና። የሚያስፈልገው ለመደመር ፈቃደኛ መሆን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት የምግብ ጥራት ጥበቃ ሕግ በአንድ መንገድ የሚጎዱ ፀረ ተባዮች በአንድነት እንዲመዘኑ አዘዙ፤ ለኦርጋኖፎስፌቶቹ ግምገማው የተጠናቀቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው ደንብ ደግሞ በቀላልነቱ ያስቀናል። አንድ ፀረ ተባይ በሊትር ውኃ ከ0.1 ማይክሮግራም አይለፍ ካለ በኋላ፣ ሁሉም ተደምረው ከ0.5 እንዳያልፉ ይላል። በመሠረቱ ሁለት ቁጥር ብቻ። ስለ መስተጋብራቸው ዝርዝር ሳይጠብቅ ለድምሩ በር አበጅቶለታል።

ጥንቃቄ ዋጋ አያስከፍልም የሚል ካለ ገበሬ አያውቅም። በ2002/03 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ስንዴያችን ላይ ወርዶ 600,000 ሄክታር ገደማ ሲመታ፣ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ የዘራ ገበሬ መርጫ ፍለጋ የሮጠው ወዶ አልነበረም። ዋግ ቀጠሮ አይሰጥም። ጤፍን በእጅ ማረም ምን እንደሆነ ደግሞ ወገቧ የሚያውቀው የጎጃም ሴት ትናገር፤ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ቀርተው የሚያርሙበት ጊዜም ነበር፣ አሁንም አለ። ቱፎርዲ ያንን ጎብጦ መዋል አቅልሏል። «ይቅር» የሚል ሰው የቀረውን ሥራ በማን ወገብ ላይ እንደሚጭን አብሮ መናገር አለበት።

ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ድሃን እንዴት እንደሚጎዳ የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እናቶቻችን ዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት ተክል ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሟላ የመርዛማነት ጥናት ስላልቀረበለት ሰፊ ድጋፍ አላገኘም። ጥናቱን ለማሠራት ገንዘብ ጠፋ፤ ዓመታት ነጎዱ። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ሲቀበሉ እንኳ እንዶዱ በየወንዙ አልደረሰም ነበር። ጥናቱን መጠየቅ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ መጠበቁም ሰው እንደሚጎዳ አለመቁጠር ነው፤ ለእንዶድ የተጠየቀው ጥያቄ በአንድ መርጫ ውስጥ ተደባልቀው ለሚረጩት ከውጭ ለሚመጡ ኬሚካሎች አለመጠየቁም ነው።

ጥንቃቄ እኩል አልተከፋፈለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተለየ ልክ ላልወጣለት ፀረ ተባይ ሁሉ 0.01 ፒፒኤም የሚል ወጥ ጣሪያ አበጀች። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ቡና ላይ ቅሪት ሲገኝ ገበያው ወዲያው ተናጋ፤ ጣቱ የተቀሰረው ቡናው በተጓዘበት ጆንያ ላይ ነበር። ጃፓናዊው ለሚጠጣው ስኒ የቆመለት ዘብ ነበረው። ቡናውን ላፈላችው እናት፣ በዚያው ጆንያ ላይ ለተኛው ልጅ ግን ማንም አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናቶችና ከላሞች በተወሰደ ወተት ውስጥ ዲዲቲ አግኝቷል። መሥሪያ ቤቶች ያልደመሩትን የእናት ጡት ደምሮት ተገኘ።

የመደመር ሕግ ሁሉን እንደማይሸፍንም መታወቅ አለበት። ይህን ለመረዳት ወደ ሞጣ ማሳ መመለስ ይበቃል። በመስከረም መጭ ዳር ዳሩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ለገበሬው አረም ነው፣ ለንቡ ግን ቀለብ። ስንዴው ላይ ለዋግ ቲልት ተረጭቶ፣ አጠገቡ ያለው ጓያ ላይ ካራቴ ቢረጭ፣ ንቧ ሁለቱንም ትቀምሳለች። ቲልት ውስጥ ያለው ፕሮፒኮናዞል ለንብ ብቻውን ያን ያህል አይከፋም። ነገር ግን ንቧ መርዝ የምታፈርስበትን ኢንዛይም ይይዝባታል፤ ካራቴ ውስጥ ያለው ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያኔ ያለ ከልካይ ይሠራል። ሁለት ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 በላቦራቶሪ አሳይተዋል፤ መርዙ ከድምሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው፣ ባሕርያቸውም ይታወቃል፦ በአብዛኛው የሚከሰቱት አንዱ የሌላውን ማፍረሻ ሲያስር ነው። ስለዚህ ሚሊዮን ድብልቅ መፈተን አይጠበቅብንም። አፍራሽ ኢንዛይም የሚያስሩትን ለይቶ «ይሄ ከዚህ ጋር አይረጭ፤ አበባ ባለበት ወቅት ፈጽሞ አይሆንም» ማለት ይቻላል። ጥንቃቄ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ካወቀ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

ታዲያ ድምሩን ማን ይመዝነው? አዲስ አበባ ያለው መዝጋቢ የጠርሙሱን ጠባይ ያውቃል፤ ቤቱን አያውቅም። ቤቱን የሚያውቁ ግን አሉ። በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳውን ያያል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጁን ታንኳኳለች። አንዱ ለጎተራው ማላታይን ይመክራል፣ ሌላዋ ስለ አጎበርና ስለ ወባ ርጭት ታስተምራለች። በአንድ ደጅ ይገባሉ፣ ከአንድ እናት ቡና ይጠጣሉ፤ ሪፖርታቸው ግን ወደ ሁለት መሥሪያ ቤት ሄዶ ሁለት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። እናትየዋ በአልጋዋ ሥር ያስቀመጠችውን ጠርሙስ፣ እህል ስትሰፍር በእጇ የምትነካውን ዱቄት፣ ባሏ ከርጭት ሲመለስ የምታጥበውን ልብስ አንድ ላይ ያየ ባለሙያ የለም። መጠየቅ ያለበት ቤቱ ነው፤ እኛ ግን አሁንም የምንጠይቀው ጠርሙሱን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። በሞጣ ዙሪያ ያለው የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለው ሰኔ ሳይገባ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ በዓመት የገባውን ኬሚካል ስሙን ብቻ ይጻፉበት። ነርቭን የሚይዙትን፣ ማላታይንን፣ አክቴሊክን፣ ለግድግዳ የተረጨውን፣ በአንድ ረድፍ ያስቀምጡና ረድፉ ሦስት ሲሞላ ለጎተራው ሌላ መላ ይፈልጉ፤ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፣ የብረት ጎተራም አለ። ባለሱቁም መድኃኒቱን ከመሸጡ በፊት «አባባ፣ እቤት ሌላ ምን አለዎት?» ብሎ ይጠይቅ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት በበኩሉ አዲስ ፀረ ተባይ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ የመርዙን ደረጃ ከመጠየቅ አልፎ በዚያው መንገድ የሚጎዱ ስንት ቀድመው አገር ውስጥ እንዳሉ እንዲጽፍ ያስገድደው። ይህ ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለመጀመርም ሌላ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም።